የተገዛ ምስክርነት



አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ «የስኳር በሽታ ምልክቶች» ወይም «የዲቪ ማመልከቻ» ብሎ ይጽፋል። ውጤቱ በቅጽበት ይደረደራል። አንዱ ገጽ ከላይ ይቀመጣል፤ ሌላው፣ ምናልባትም የተሻለው፣ ማንም ወርዶ በማያይበት ሥፍራ ተቀብሮ ይቀራል። ሰውየው የመጀመሪያውን ይከፍታል፤ ያምነዋል፤ አንዳንዴ ገንዘቡን፣ አንዳንዴም ጤናውን ያስረክበዋል። ያንን ገጽ ከላይ ያስቀመጠው ማን ነው? በምን ማስረጃ? ማስረጃውስ በገንዘብ ይገዛል ወይ? የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ሐሳቤን ከአሁኑ በአጭሩ ልንገራችሁ። ለፍለጋ ሞተር ሊንክ ምስክርነት ነው። አንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ሲያስቀምጥ «ይህን እዩት፤ ይረባል» ብሎ ቃሉን እንደሰጠ ይቆጠራል። በእኛ አገር ችሎት የቆመ ሰው እንደሚያውቀው ዳኛ የምስክሮችን ብዛት ቆጥሮ ብቻ አይፈርድም። ከተከራካሪው ጋር ዝምድና አለህ ወይ? ጠብስ? በዓይንህ ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን? ብሎ ይጠይቃል። የኢንተርኔት ዳኛ ይህን መጠየቅ የጀመረው ዘግይቶ ነው። እስከዚያው ግን የሐሰት ምስክር በገፍ ተመርቶ ገበያ ወጥቷል።

ከመነሻው እንጀምር። አልታቪስታ የተባለው የፍለጋ ሞተር በታኅሣሥ 1995 ሥራ ሲጀምር ተአምር ነበር። ይሁን እንጂ እሱና የዘመኑ ጓደኞቹ ደረጃ ሲሰጡ በዋናነት የሚያዩት በገጹ ላይ የተጻፉትን ቃላት ነበር። ስለዚህ የገጹ ባለቤት ስለ ራሱ የተናገረው ሁሉ ተቀባይነት አገኘ። «ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት» የሚለውን ሐረግ መቶ ጊዜ የደጋገመ ሰው ስለ ትኬት ብዙ የሚያውቅ ይመስል ነበር። ብልጦቹም ቃላቱን በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፉ ጀመር፤ ማሽኑ ያነበዋል፣ ሰው አያየውም። ባለጉዳዩ ራሱ ተከራካሪ፣ ራሱ ምስክር ሆነ።

መፍትሔው የመጣው ከኮምፒውተር ዓለም ውጭ ከነበረ የቆየ ሐሳብ ነው። በ1873 ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋለኞቹ ውሳኔዎች የት የት እንደተጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ለጠበቆች ማዘጋጀት ጀመረ። በ1955 ዩጂን ጋርፊልድ ይኸው ዘዴ ለሳይንስ ጽሑፎችም ይበጃል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ተመራማሪዎች የጠቀሱት ጽሑፍ ክብደት ሊኖረው ይችላልና። በ1990ዎቹ አጋማሽ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ሐሳቡን ወደ ድረ ገጽ አሸጋገሩት፤ ስሙንም ፔጅራንክ አሉት። በዚያው ዘመን ጆን ክላይንበርግ፣ እንዲሁም በኋላ የቻይናውን ባይዱ የመሠረተው ሮቢን ሊ፣ በየፊናቸው ወደ ተመሳሳይ መንገድ ደርሰው ነበር።

የፔጅራንክ ረቂቅነት ምስክሮችን እኩል ባለመቁጠሩ ላይ ነው። ብዙ የተመሰከረለት ገጽ እሱ ራሱ ሲመሰክር ቃሉ ከባድ ነው። ያ ገጽ ለአምስት ገጾች ሊንክ ቢሰጥ ደግሞ ክብደቱ ለአምስት ይከፈላል፤ ለሁሉም የሚመሰክር ሰው ቃሉ ይቀላል። ፔጅና ብሪን ስሌቱን ሲያስረዱ አንድ ዝም ብሎ የሚንሸራሸር አንባቢን በምሳሌ ያቀርባሉ። ይህ አንባቢ በአብዛኛው ያገኘውን ሊንክ እየተጫነ ይጓዛል፤ አልፎ አልፎ ይሰለቸውና ጨርሶ ወደ ሌላ ገጽ ይዘላል። ሊንክ የመከተሉን ዕድል 0.85 አድርገው ወሰኑት። ይህ አንባቢ ሳያቋርጥ ቢጓዝ ደጋግሞ የሚደርስበት ገጽ ከፍተኛ ደረጃ ያገኛል። በ1998 ሥራቸውን ሲያሳትሙ በማውጫቸው 24 ሚሊዮን ገጾች ነበሩ። በዚያው ዓመት ጉግል ኩባንያ ሆኖ ተቋቋመ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ዛሬ ስናነባቸው የሚያስገርሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ቀመሩ በተወሰነ መልኩ ቢቃኝ ሆን ብሎ ማታለል የማይቻል ያህል እንደሚሆን ተስፋ ማድረጋቸው ነው። ሁለተኛው፣ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር የፍለጋ ሞተር ከተጠቃሚው ይልቅ ወደ አስተዋዋቂው ማዘንበሉ እንደማይቀር ማስጠንቀቃቸው ነው። ተስፋው አልሠመረም። በማስታወቂያ በኩል ደግሞ ኩባንያቸው የዓለም ትልቁ የማስታወቂያ ድርጅት ሆኖ አረፈው።

ተስፋው ለምን ከሸፈ? ምስክርነት ዋጋ ስለወጣለት ነው። ጉግል በታኅሣሥ 2000 ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች አንድ የመሣሪያ አሞሌ ለቀቀ። በላዩም የእያንዳንዱን ገጽ ደረጃ ከዜሮ እስከ አሥር የምታሳይ ትንሽ አረንጓዴ መስመር ነበረች። የማን ቃል ስንት እንደሚመዝን አደባባይ ወጣ። ያን ጊዜ ደላላ መጣ። ደረጃ ስምንት ካለው ገጽ የሚሰጥ ሊንክ ይህን ያህል፣ ደረጃ አራት ካለው ያን ያህል ተብሎ ተሸጠ። በአሜሪካ ኦክላሆማ የነበረው ሰርችኪንግ የተባለ ኩባንያ በዚህ ንግድ ላይ እያለ በ2002 ደረጃው ከስምንት ወደ አራት ሲወርድበት ጉግልን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2003 ክሱን ውድቅ አደረገው፤ የገጽ ደረጃ ጉግል የሚሰጠው አስተያየት ነው፣ አስተያየት ደግሞ ሕገ መንግሥታዊ ጥበቃ አለው ሲል። ይህን ውሳኔ አስታውሱልኝ። ብዙ ሰው ከላይ የወጣውን ገጽ እንደ እውነት ይቀበለዋል፤ በሕግ ፊት ግን የአንድ ኩባንያ አስተያየት ነው። ጉግል ያችን መስመር ከሕዝብ ዓይን ጨርሶ ያነሳት በ2016 ነው። ገበያው ግን ከሥር ከመሠረቱ ተተክሎ ነበር።

ሊንክ ለመግዛት አቅም ያነሰው ወይም መክፈል ያልፈለገውስ? መስረቅ ጀመረ። የስፓም፣ ማለትም ሳይጠየቅ በጅምላ የሚበተን መልእክት፣ ነገር የሚገባን ሒሳቡን ስናይ ነው። ሚያዝያ 1994 ሁለት የአሪዞና ጠበቆች በሺዎች በሚቆጠሩ የኢንተርኔት የውይይት መድረኮች ላይ አንድ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ አራገፉ። ጉዳዩ ምን ይመስላችኋል? የግሪን ካርድ ሎተሪ! ዲቪን የመሰለ ተስፋ ተይዞ ሲመጣ ደላላው አብሮ እንደሚመጣ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። በኢንተርኔት ታሪክ ከታላላቆቹ የንግድ ስፓሞች የመጀመሪያው ሰው ራሱ ሊሞላው የሚችለውን ማመልከቻ በገንዘብ ልሙላልህ የሚል ነበር።

መልእክቱን መበተን ጠበቆቹን የጠየቃቸው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በ2008 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች አንድ የስፓም መረብ ውስጥ ሰርገው ገብተው ሒሳቡን ሠሩት፤ ወደ 350 ሚሊዮን ከሚጠጉ ኢሜይሎች የተገኘው ሽያጭ 28 ብቻ ነበር። የሱቅ ነጋዴ በዚህ ሒሳብ በአንድ ሳምንት ይዘጋል። ስፓመኛ ግን አይከስርም፤ የሚልከው መልእክት ዋጋ እሱን ሳይሆን ተቀባዩን ነውና የሚያስከፍለው።

ይህ ሒሳብ ወደ ሊንክ ሲዞር ዒላማው ተለወጠ። የኢሜይል ስፓም ሰውን ሊያሳምን ይሞክራል። የሊንክ ስፓም ከሰው ጋር ጉዳይ የለውም፤ የሚያናግረው ማሽኑን ነው። አንባቢ አስተያየቱን የሚጽፍበት ክፍት ቦታ ባለበት ሁሉ ፕሮግራም ተልኮ «ድንቅ ጽሑፍ ነው፤ ብዙ ተማርኩበት» የሚል ምስጋና ይጽፋል፤ ከምስጋናው ሥር የመድኃኒት ወይም የቁማር ቤት ሊንክ አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የገጹ ባለቤት ተመሰገንኩ ብሎ ደስ ሲለው ስሙ ለማያውቀው ነጋዴ ምስክር ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ይህ የስም ስርቆት ነው። አንድ ሰው ለዓመታት በትጋት ያካበተው ተአማኒነት ሳይጠየቅ ለሌላው ዋስትና ይውላል።

መከላከያው ብዙ ነበር። አልታቪስታ በ1997 ገጻቸውን በፕሮግራም የሚያስመዘግቡትን ለማገድ የተጣመሙ ፊደላትን አንብቡ ማለት ጀመረ፤ ዛሬ ካፕቻ የምንለው ነው። ማሽን የማያነበውን ግን ሰው ተቀጥሮ ያነበዋል። በ2010 የወጣ ጥናት አንድ ሺህ ካፕቻ በአንድ ዶላር ገደማ እንደሚፈታ አሳይቷል። የሐሰት ምስክርነት የመጨረሻ ወጪ በድሃ አገር ሠራተኛ ጣት ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ከዚያ በጥር 2005 ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት አንድ ላይ ኖፎሎው የተባለ ምልክት ተቀበሉ። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ይህ ሊንክ በገጼ ላይ አለ፣ እኔ ግን አልመሰክርለትም። አንባቢዎች የሚያስቀምጡት ሊንክ ሁሉ ይህ ምልክት ቢለጠፍበት ስፓመኛው የሚያገኘው ጥቅም አይኖርም፤ ጥቅም ከሌለ ይተወዋል ተባለ። አልተወውም። እያንዳንዱ በር ክፍት መሆኑን ከማጣራት ሁሉንም በር ማንኳኳት ይረክሳል።

ይህ መፍትሔ ጎን ለጎን ሌላ ነገር አደረገ። በጥር 2007 የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ወደ ውጭ በሚወስዱ ሊንኮቹ ሁሉ ላይ ምልክቱን ለጠፈ። በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች አጣርተው ያስቀመጧቸው ምንጮች ከመድኃኒት ቸርቻሪው ሊንክ ጋር በአንድ መዝገብ ተጻፉ። ሌባን ለመያዝ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቃል ከችሎት ታገደ። ጉግል ራሱ በመስከረም 2019 ይህን በማላላት ምልክቱን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ቁርጥ ትእዛዝ እንደማያየው አስታወቀ፤ ለተከፈለበት ሊንክና ተጠቃሚዎች ለሚያስቀምጡት ሊንክም የየራሳቸውን ምልክት ጨመረ።

ትላልቆቹም ንጹሕ አልነበሩም። በየካቲት 2011 ኒውዮርክ ታይምስ ጄ ሲ ፔኒ ስለተባለው ግዙፍ የአሜሪካ የሱቅ ሰንሰለት አንድ ምርመራ አወጣ። ኩባንያው «ቀሚስ»፣ «የአልጋ ልብስ»፣ «ምንጣፍ» በሚሉ ፍለጋዎች ለወራት አንደኛ ነበር። ባለሙያ ሲያጣራ አብዛኞቹ ከልብስ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ከሁለት ሺህ በላይ ገጾች ወደ ኩባንያው ሊንክ ሰጥተው ተገኙ። ጉግል እርምጃ በወሰደበት ምሽት በአንድ የሻንጣ ፍለጋ አንደኛ የነበረው ኩባንያ በሁለት ሰዓት ውስጥ 71ኛ ሆነ። ኩባንያው ስለ ሊንኮቹ አላውቅም አለ፤ የቀጠረውንም አማካሪ ድርጅት አሰናበተ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ይኸው ጋዜጣ የብሩክሊን አንድ የመነጽር ነጋዴ ደንበኞቹን እየተሳደበ እንደሚያስፈራራና ተበዳዮቹ በየድረ ገጹ ሲያማርሩ ስሙ በፍለጋ ከፍ እንደሚልለት እየፎከረ መናገሩን ጽፎ ነበር። ጉግል በቀናት ውስጥ ቀመሩን አስተካከልኩ አለ። ነጋዴው በኋላ ታስሯል።

ከዚያ ወዲያ ዳኛው ጨከነ። በሚያዝያ 2012 ፔንግዊን የተባለው የጉግል ማሻሻያ በእንግሊዝኛ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 3.1 በመቶ የሚሆኑትን ነካ። የሐሰት ሊንክ ያሰባሰቡ ገጾች ወደቁ። ወዲያው ሌላ ብልሃት ተፈራ፤ ሐሰተኛ ምስክር ተፎካካሪህን ለማስቀጣትም ይገዛል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ጉግል «እነዚህን ሊንኮች አላውቃቸውም» የሚባልበት መንገድ ከፈተ። በ2016 ደግሞ አካሄዱ ተለወጠ፤ የሐሰቱን ሊንክ ከመቅጣት ይልቅ እንዳልተነገረ ቆጥሮ ማለፍ። በእኔ ግምት ከሁሉም እርምጃዎች ብልሁ ይህ ነው። ጥቅም የማያስገኝና ሌላውንም የማይጎዳ ቃል ገዥ ያጣል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህ ሁሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። አገባን። የእንግሊዝኛው ኢንተርኔት ሰፊ ነው፤ ሺህ የሐሰት ምስክር ቢቆም ከሚሊዮን እውነተኞች ጋር ይመዘናል። በአማርኛ ግን ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ ሕግ የተጻፉት ጥሩ ገጾች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምስክር በሌለበት ችሎት አንድ ሐሰተኛ ይበቃል። በዚህ ላይ ቋንቋችን አንዱን ድምፅ በብዙ ፊደል ይጽፋል፤ አንዱ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልገዋል። ማሽኑ ሁለቱን አንድ ካላደረጋቸው ጥቂቱ ጽሑፋችን እንደገና ለሁለት ይከፈላል።

አዲስ ፈተናም መጥቷል። በ2024 የአማዞን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳመለከተው፣ አነስተኛ ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች በኢንተርኔት ከሚገኘው ጽሑፍ ሰፊ ክፍል በማሽን የተተረጎመ ነው። ከእንግሊዝኛ የተመረጠውም ብዙ ጊዜ ደካማ ይዘት ያለው፣ ምናልባትም ለማስታወቂያ ገቢ ተብሎ የተጻፈ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ጉግል ሦስት ዓይነት ማታለያዎችን በስም ጠርቶ ከለከለ፤ ገጾችን በጅምላ ማምረት፣ ባለቤታቸው የተዋቸውን የታወቁ አድራሻዎች ገዝቶ በስማቸው መነገድ፣ የተከበረ ድረ ገጽን ስም ለማይመጥን ይዘት ማከራየት። ሦስቱም የጥንቱ ነገር ናቸው፤ የሰው ስም ይዞ መመስከር። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዛሬ የሞተ ድረ ገጽ ስም ከመቃብር ወጥቶ ይሸጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ስለ ሐሰተኛ ምስክር ብዙ ተናገርኩ። እኛን ይበልጥ የሚጎዳን ግን የእውነተኛው ምስክር ዝምታ ነው። የአማርኛ ዜና አንብቡ። ከታች «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ይላል፤ ወይም «ምንጭ፦ ድረ ገጾች»፤ ወይም ምንም አይልም። የአንዱ ጋዜጠኛ የሳምንት ልፋት በሌላው ገጽ ላይ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ይወጣል፤ ወደ ባለቤቱ የሚወስድ አንድ ሊንክ የለውም። ያ ጋዜጠኛ ከተገለበጠበት በላይ የተወሰደበት ነገር አለ፤ የሚገባው ምስክርነት። ማሽኑ ማን እንደጻፈው አያውቅም፤ ገልባጩ ከጸሐፊው በላይ ሊወጣ ይችላል። ምርጥ የሚባለው ውይይታችንና ዕውቀታችን ደግሞ በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ግሩፕ ውስጥ ይፈሳል። እዚያ ሺዎች ያነቡታል፤ የፍለጋ ሞተር ግን በቀላሉ አይደርስበትም። በማግሥቱ ከሥር ተቀብሮ ባለቤቱም አያገኘውም። ሐሰተኛው በየበሩ ሲጮኽ እውነተኛው ቤቱን ዘግቶ ያወራል።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው። ድረ ገጽ ያላችሁ፣ የምትጽፉ፣ ዜና የምታወጡ፤ ከሰው የወሰዳችሁትን ከየት እንደወሰዳችሁት በስምና በሊንክ ጻፉ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ለጻፈው ሰው ግን የልፋቱ ዋጋ ነው። «በሳምንት ውስጥ ጉግል ላይ አንደኛ እናደርጋችኋለን» የሚላችሁን ነጋዴ አሰናብቱት። አንደኛነትን ሊያረጋግጥ የሚችል ማንም እንደሌለ ጉግል ራሱ ይናገራል፤ የሚሸጥላችሁም የተገዛ ምስክር ነው፤ ሲጋለጥ የሚወርደው የእናንተ ስም ነው። የአንባቢ አስተያየት የምትቀበሉ ከሆነ ሳታነቡ አታውጡ፤ ጊዜ ከሌላችሁ ዝጉት። ዶክተሮች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ መምህራን፤ በቴሌግራም የምትጽፉትን ግሩም ነገር ለማንም ክፍት በሆነ ገጽ ላይም አኑሩት። አንባቢዎችም፣ የመጀመሪያውን ውጤት ስትከፍቱ ማን እንደጻፈውና ምን እንደሚሸጥላችሁ ጠይቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የዲቪ ማመልከቻ የምትሞሉም፣ ከላይ የወጣውን ሳይሆን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ገጽ ፈልጉ።

የፍለጋ ቀመሩን የሚያርመው ሩቅ ያለ ኩባንያ ነው፤ በእሱ ላይ ሥልጣን የለንም። ለማን እንደምንመሰክር ግን የምንወስነው እኛው ነን። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በአማርኛ የተጻፈ፣ የጠቀማችሁ አንድ ጽሑፍ አስቡ፤ የጸሐፊውን ስም ከነሊንኩ በምትጽፉበት ገጽ ላይ አስቀምጡለት።